ሁለት እግር ያላት ጎላ

ነይ ወይኒቱዬ፣ እዚህ ከጎኔ ተቀመጪ... ወንበሩ ይወዛወዛል እንጂ አይጥልም። እንደምን ዋልሽ? ጉልበትሽስ? የኔን ተይው፤ አልሃምዱሊላህ፣ ከተቀመጥኩ ደህና ነኝ፣ ስነሳ ነው እንደ አሮጌ በር የሚንቋቋው። ሐይቁን አየሽው፣ ዛሬ እንዴት ጸጥ እንዳለ? ትናንት ቀኑን ሙሉ በነፋስ ሲናጥ ውሎ፣ እንግዳ ይመጣል ሲባል ጊዜ ተኛ። ዓሣውም በጠዋት አልቋል አሉ። ምን ይደረግ፣ ከካናዳ ድረስ የሚመጣ ሰው በየቀኑ አይገኝ።

ይቺ ጭኔ ላይ ያለችው? ምንም አይደለች፣ ለእንግዳችን ያመጣኋት ስጦታ ናት። ኮሚቴው ጋቢ ያለብሰዋል፤ እኔ ደግሞ ከአሮጌ ጎረቤት የሚሆን አንዲት ዕቃ በሻሽ ጠቅልዬ መጣሁ። ትደርሽባታለሽ፣ አትቸኩዪ። ምርቃቱም ለኔ እንደደረሰኝ ሰምተሻል? ከወረዳ አንዲት ልጅ ቤቴ ድረስ መጥታ፣ «እማማ ዘይቱና፣ በዕድሜም በዱዓም ታላቃችን እርስዎ ነዎት፤ ንግግሩ ሲያልቅ አጭርና ጣፋጭ ምርቃት ይመርቁልን» አለችኝ። አጭርና ጣፋጭ... እኔ መቼ መራራ ተናግሬ አውቃለሁ?

ከፊታችን ማን እንደተቀመጠ አየሽ? እረፊ፣ ጣትሽን አትቀስሪ! ማጅራቱን ብቻ እይው። ማሻአላህ፣ እንዴት ተመችቶታል! በረዶ አገር ሰው ይከሳል ያለን ማን ነበር? ጆሮው ግን ያው ነው፤ ያኔም ትልቅ ነበር፣ በየጓሮው ዶሮ ሲያንኮራፋ ሳይቀር ይሰማበት ነበር። ድምፅሽን ቀንሺ? ለምን ብዬ? ክፉ ተናገርኩ? ስም ጠራሁ? ሰው እያመሰገንኩ እኮ ነው። ደግሞ ልጅቱ «ሃያ ዓመት ሙሉ ስላልተናገረው አማርኛው ጠፍቶበታል» ብላኛለች፤ ብንጮህም አይገባው። ጠፋበት አሉ... ከሱ እጅ ነገር ሲጠፋ ይሄ የመጀመሪያው ነው፤ ዱሮ የሚጠፋው ከኛ ነበር።

ይቅርታ፣ «እሳቸው» ልበል። አሁን ክቡር ናቸው። ሕዝብ መርጧቸው ካናዳ ምክር ቤት ውስጥ ወንበር አላቸው፣ ያውም የማይወዛወዝ። የተበተነው ወረቀት ላይ ታሪካቸው ሁሉ ሰፍሯል፤ አርሴማ ልጅሽ አይደለች ትናንት ያነበበችልኝ? አስተማሪ መውለድ መታደል ነው፣ አንዲት መስመር አልዘለለችብኝም። «ከአስቸጋሪ ልጅነት እስከ ምክር ቤት» ይላል ርዕሱ። አስቸጋሪ ልጅነት... ወላሂ እውነት ነው፣ በጣም አስቸጋሪ ነበር። ለማን እንደሆነ ብቻ አልጻፉም።

«እናት አባቴ በልጅነቴ ሞቱብኝ» ይላል። ይሄ ሐቅ ነው፣ አላህ ይማራቸው፤ አባትየው ከኛ፣ እናትየዋ ከናንተ፣ ሁለቱም ሰው ነበሩ። «ማንም ቁራሽ እንጀራ አልሰጠኝም» ይላል ቀጥሎ። አጃኢብ! አንቺ ቤት ስንት ዓመት በላ? በረመዳን እናንተ ቤት ነበር፣ በሁዳዴ እኛ ቤት። እንዲህ ጾም በበዛበት አገር አንድም ቀን ሳይጾም ያደገ ልጅ እሱ ብቻ ነው። ምን አለበት፣ ጎበዝ ሰው እንዲያ ነው፤ የበላበትን ቤት ሁሉ ሲያስታውስ ከዋለ መቼ ወደ ፊት ይራመዳል?

«በገዳም ተጠልዬ ነበር» የምትለዋንስ ሰማሻት? አንድ ቀን እኮ ነው! የሙሐዲንን ታንኳ ሳያስፈቅድ ወስዶ፣ መቅዘፊያው ከእጁ አምልጦት፣ ነፋስ እየገፋ ወስዶ እስጢፋኖስ ገዳም ዳር ጣለው። መነኮሳቱ በሶ በጥብጠው አጠጡት፣ መክረው ሸኙት። ሙሐዲን ወጥቶ እንዳይፈልገው ታንኳው እሱ ጋ ነው፤ ዳር ላይ ቆሞ እጁን እያወናጨፈ ሲሳደብ ዋለ። ይሄን ሁሉ በአንድ ቃል «ተጠልዬ» ብሎ ማለፍ... ትምህርት ጥሩ ነገር ነው።

ነገርን ነገር ያነሳዋል... ያ መንግሥት የተቀየረበት ዓመት ትዝ ይልሻል? ደርግም ጠፋ፣ የቅሬያችን ጎላም ጠፋች። ደርግን የፈለገው ሰው የለም። ጎላዋን ግን ስንት ወር ፈለግናት! እንዴት አንፈልጋት? ሰው ሲሞት እንደ እድር ተሰብስቦ የሚቀብረው ቅሬያችን ለለቀስተኛው ሁሉ የሚበቃ ንፍሮ የሚቀቅልባት፣ እስላሙም ክርስቲያኑም እንዲበላባት ብለን ሥጋ የሚባል አስነክተናት የማናውቅ ጎላ። የሁላችንም ሐዘን የሚበስለው እሷ ውስጥ ነበር። ዕቃ ቤቱ ሲከፈት የለችም። ክዳኗ ብቻ መሬት ላይ ወድቃለች። ድስት ግጣሙን አያጣም ይላሉ፤ የኛዋ ግጣም ድስቷን አጣች።

በሩ አልተሰበረ፣ ጓጉንቸሩ አልተገነጠለ። ቁልፉ ማን ጋ ነበር? ወንድሜ ሱሩር ጋ፤ የቅሬው ዕቃ ጠባቂ እሱ አልነበር? ቤቱ ምሰሶ ላይ ነበር የሚሰቅለው፣ እዚያ ቤት የሚገባ የሚወጣ ሁሉ ያየዋል... በተለይ እዚያው የሚያድር ሰው። የሱሩርን ልብ ታውቂዋለሽ፤ «ወላጅ የሌለው ልጅ ውጭ አይደር» ብሎ አንዱን ከገዛ ልጆቹ ጋር በአንድ ቁርበት ያስተኛ ነበር። ማንን? ኧረ እኔ እንጃ፣ አርጅቻለሁ፣ ስንቱን አስታውሳለሁ።

ከዚያ ዋርካው ሥር አውጫጭኝ ተቀመጥን፣ ሙላት የቅሬው ዳኛ ሆኖ። ሰው ሁሉ ያየውን ይናገር ሲባል የተነሳው አንድ ሰው ነው፣ አያ ኑርዬ፣ ያውልሽ ምሰሶው ጋ የተቀመጠው። «ጎህ ሲቀድ በሬዎቼን ይዤ ወደ ማሳ ስወርድ፣ በውጫሌ መንገድ ላይ አንዲት ጎላ በሁለት እግሯ ስትሄድ አየሁ» አለ። ራስ የላት፣ እጅ የላት፣ ጎላና እግር ብቻ! ቢስሚላሂ ብሎ በሬዎቹን እዚያው ጥሎ ሮጠ። እኛስ ምን አልን? ጅን ነው አልን! ግማሹ ከአርዲቦ ሐይቅ የወጣ ነው አለ፣ ግማሹ ከዚህ ከኛው ሐይቅ ነው አለ፤ በዚህ ብቻ እስከ ቀትር ተከራከርን። እኛ ዱዓ አደረግን፣ እናንተ ጠበል አስረጫችሁ። አንድ ሰው እንኳ፣ አንድ ሰው... «ጎላ ራሱ ላይ የደፋ ልጅ ከሩቅ ሲታይ ምን ይመስላል?» ብሎ አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም።

መሐላው ደረሰ። ሁላችንም ማልን። አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ጎረምሳ ግን ሁላችንንም በለጠን፤ ለኛ በቁርአን ማለ፣ ዞር ብሎ ደግሞ ለናንተ በመስቀል ማለ። ማንም ሳይጠይቀው! ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት... ሽማግሌዎቹ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው» ብለው እንባቸው መጣ። ሁሉንም ወገን በየሃይማኖቱ ማስደሰት ቀላል መሰለሽ? አሁንማ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛም ጨምሮበታል አሉ። በሳምንቱ ያው ጎረምሳ አዲስ ሸራ ጫማ አድርጎ ብቅ አለ። «አጎቴ ከደሴ ላከልኝ» አለ። አጎት እንዳለው ያን ቀን ሰማን።

ጅንን ከቅሬ ማስወጣት አይቻል፤ ሱሩርን አስወጡት። «ጅን በቁልፍ አይከፍትም» ብሎ ፈረደበት ሙላት። እሳት አታጭሩት፣ ደስታው ላይ አትገኙ፣ ሬሳውን አትቅበሩ። ሱሩር ቁልፉን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

በሁለተኛው ዓመት እናታችን ሞተች... እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። በር ላይ ቆሜ መንደሩን ባይ፣ ሰው ሁሉ በየደጁ ቆሞ ያየኛል እንጂ የሚንቀሳቀስ የለም። አንቺም ቆመሽ ነበር፤ አልቀየምኩሽም፣ ቅሬ ቅሬ ነው። አንድ ሰው ብቻ ዶማ ተሸክሞ መጣ። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ። ከሱሩር ጋር ሁለቱ ብቻ እየተቀባበሉ ቆፈሩ። መዳፉ ተላጠ፣ አላረፈም፤ እያለቀሰ ነበር የሚቆፍረው። እናቴን ደግሞ ከከዘራዋ ሲሸሽ እንጂ ሲቀርባት አይቼው አላውቅም። ታዲያ ይሄ ሁሉ እንባ ለማን ነው? ብዬ ከሩቅ ቆሜ አየሁት፣ አየሁት... ያን ቀን ወደድኩት። ያን ቀንም አወቅሁት። ሱሩር ግን ግንባሩን ሳመው፤ ዛሬም ድረስ «የእናቴን ጉድጓድ የቆፈረልኝ ልጅ» እያለ ነው የሚጠራው። እኔ ምን ብዬ ልናገር? ማስረጃዬ እንባ ብቻ ነበር። ልጁም በወሩ አገር ለቆ ወጣ።

ወረቀቱ ላይ እሷን ዶማ ፈልጌ አጣኋት። አርሴማን ሁለት ጊዜ አስነበብኳት። እዚህ አገር ከሠራው ሁሉ የማታሳፍረው እሷ፣ እሷን ትቶ አለፈ። ምን ብሎ ይጻፋት? «ሌላው ሰው ለምን አልቆፈረም?» ይሉታላ!

በሷ ፈንታ የጻፋትን ስሚ፣ በቃሌ ይዣታለሁ። «በአሥራ አምስት ዓመቴ ጎህ ሲቀድ ከራሴ የሚከብድ ሸክም ተሸክሜ ወደ ውጫሌ ገበያ ተጓዝኩ። አንድ ገበሬ በሬዎቹን ይዞ ሲመጣ አየኝ፤ ሊያግዘኝ ሲገባው በሬዎቹን ጥሎ ሸሸኝ። የሰው ልጅ ጭካኔ ያን ቀን ገባኝ።»... አርሴማ አነበበችና እንባዋ መጣ። እኔም እንባዬ መጣ፣ በሳቅ። ሃያ ሁለት ዓመት ጅን አየሁ ሲል የኖረው ኑርዬ፣ ለካ ጨካኙ እሱ ነው! ዛሬ ጠዋት መንገድ ላይ አግኝቼ ነገርኩት። «እና ጅኑ ተመረጠ?» አለኝ።

ሳቂ፣ ሳቂ... እኔም ሳቄ ሲያልቅ ነው የሚነደኝ። ሱሩርን በሰባተኛው ዓመት «ይቅር ብለንሃል» ብለው ወደ ቅሬው መለሱት። ያልሰረቀውን ይቅር አሉት! ያውልሽ ድንኳኑ ጥግ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል፤ ዛሬም ቁልፍ ያዝልን ሲሉት እጁን ወደ ኋላው ይሸሽጋል። የልጅ ልጆቹን ሳይቀር «የጎላው» ይሏቸዋል። አስቸጋሪ ልጅነት የነበረው ካናዳ ሄዶ ይመረጣል፣ አስቸጋሪ ልጅ ያሳደገው እዚሁ ቀርቶ ስም ይወጣለታል። እኔ ከእንግዳችን መጽሐፍም ትምህርት ቤትም አልፈልግም። ያ ማይክ ሲሰጠው ሁለት ቃል ይበል። «እኔ ነኝ» ይበል፣ በቃ። ካለ ጥርሴ እስኪረግፍ እመርቀዋለሁ። ካላለም መመረቄ አይቀርም፣ ቃል ገብቻለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ስንት ማደር እንዳለበት ነው ያልነገሩን።

አሁን ጠጋ በይኝ፣ ይቺን በጆሮሽ ነው። ጥቅሉን ዳሰስሽው? አዎ፣ እሷው ናት፣ ክዳኗ። ወደ ቅሬው የመለሱት ቀን ወደ ቤቱ ወሰዳት፣ ከዚያ ወዲህ ሱሩር አልጋ ራስጌ ተሰቅላ ነው የኖረችው። ጠባይዋን መቼም አትረሺውም፤ እጀታዋ ልውጣ ልውጣ ይላል፣ በእጀታዋ ያነሳት ሁሉ እግሩ ላይ ይጥላታል። አንቺንስ አንድ ቀን አውራ ጣትሽን ቀጥቅጣሽ አልነበር? ከሱሩርና ንፍሮ ከምንቀቅለው ሴቶች በቀር ይሄን የሚያውቅ የለም፤ እኛ ከሥር ደግፈን ነው የምንይዛት። በጠፋችው ጠዋት ደግሞ ክዳኗ እዚህ፣ እጀታዋ እዚያ ማዶ ወድቆ ነበር የተገኘው... አንዱን ጥላበታለች ማለት ነው። እግሩ የተቀጠቀጠ ሰው ሃያ ሁለት ዓመት ይረሳል? እንጃ። እናያለን።

ዝም፣ ዝም፣ ተነሳ! አጨብጭቢ እንጂ። «ውድ የሐይቅ ሕዝብ ሆይ...» ኧረ አማርኛው! ጠፋበት ያለችኝ ልጅ ዋሽታኛለች፣ እንዲያውም ጠርቷል። ጆሮው ለምን እንዲህ ቀላ? ፀሐዩ ይሆናል... ድንኳን ውስጥ። ስለ ልጅነቱ ጀመረ። «ረሃብ...» እሺ። «ብቸኝነት...» እሺ፣ ቁርበቱ ላይ አራት ሆነው ነበር የሚተኙት፣ ግን እሺ። «ከራሴ የሚከብድ ሸክም...» ኑርዬን አትሳቅ በሉት! ወደዚህ አየ። አየሽ? ጭኔን አየ... ሱሩርንም አየው። አሁን ይለዋል፣ ወይኒቱዬ። ያረቢ፣ አሁን ይለዋል፣ እጄን ያዢኝ... «በልጅነቴ የበደላችሁኝን ሁሉ...» ምን? ምን አለ? «...ዛሬ ከልቤ ይቅር ብያችኋለሁ።»

አጨብጭቢ። ሰው ሁሉ እያጨበጨበ ነው፣ ብቻሽን እንዳትቀሪ። ይቅር አለን እኮ! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይሉ ነበር አባቶቻችን፤ የወጋው ተነስቶ የተወጋውን ይቅር የሚልበት ቀን ይመጣል ብለው አላሰቡም። ኧረ ዞር በይና እይ፣ ሱሩርም አጨበጨበ። አንጀቴን የቆረጠው ይሄ ነው። ሱሩር ተነስቶ አጨበጨበለት።

ስሜን ጠሩ። ክንዴን ያዢና አስነሺኝ፣ ጥቅሉን ስጪኝ። አይዞሽ፣ ምን ያስፈራሻል? አጭርና ጣፋጭ ነው።

ይሰማል?... አሰላሙ ዓለይኩም፣ እንደምን ዋላችሁ። እንግዳችን፣ ቅረብ የኔ ጌታ። ጋቢው እንዴት አምሮብሃል! ይቅርታህን ሰምተናል፣ አላህ ይስጥልን፣ አልጠበቅነውም ነበር። እኔ ደሃ ነኝ፣ የምሰጥህ ይቺን ዕቃ ብቻ ነው። ቆይ ሻሹን እኔው ልፍታልህ... ይኸውልህ። እጀታዋ በዚህ በኩል ነው፣ በእጀታዋ ያዛት...

አያችሁ? ወይኒቱ፣ አየሽ? ከሥር! ከሥር ደግፎ ያዛት! ማሻአላህ፣ ማሻአላህ... ካናዳ ይሄንንም ያስተምራሉ? ሙላት፣ ምን ሆነህ ተነሳህ? የቅሬ ሴቶች፣ ምንድን ነው እንዲህ መተያየት፣ ምርቃት ላይ ነን እኮ! ሱሩርዬ፣ ፊትህን አዙር የኔ ዓለም፤ ክዳንህን ማን እንደያዘልህ እይ። አታልቅስ። ቁጭ በል፣ እጅህን ዘርጋ፣ አሁን እንኳ ወደ ኋላ አትሸሽገው። ሁላችሁም እጃችሁን ዘርጉ፣ አሚን በሉልኝ።

አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥህ፣ አሚን። ከወንበር ወደ ወንበር ከፍ ያድርግህ፣ አሚን። ሰው ሁሉ በቀረበት ቀን የእናቴን ጉድጓድ የቆፈረች እጅህ ትባረክ... ይቺ ከልቤ ናት፣ አሚን። ቤትህ እንደ ሱሩር ቤት ይሁንልህ፤ የሰው ልጅ የሚያድርበት፣ ቁልፍ ምሰሶ ላይ የሚሰቀልበት ቤት ይሁንልህ፣ አሚን። እዚያ በረዶ አገር የሚመርጡህ ሰዎች ደግሞ፣ የኔ ልጅ፣ ትልቁም ትንሹም፣ አንድ ሳይቀር... እኛ የምናውቅህን ያህል ይወቁህ።

አሚን በል እንጂ።